የናክፓዪሊ ጅግራ

እስኪ ጆሮ ስጡኝ፤ የሰሜን ጋናን ነገር ላውጋችሁ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1994፣ በጥር ማለቂያ፣ ናክፓዪሊ በምትባል የገጠር ገበያ አንድ ከናኑምባ ጎሳና አንድ ከኮንኮምባ ጎሳ የሆኑ ሰዎች በጅግራ ዋጋ ተጣሉ። ጠቡ ከገበያው አልፎ ወደ ዳጎምባና ወደ ጎንጃ ምድር ተዛመተ፤ መንግሥት በሰባት ወረዳዎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከ400 በላይ መንደር ወደመ፤ ከ100,000 በላይ ሰው ቀዬውን ጥሎ ሸሸ። ሟቹን 2,000 የሚሉ አሉ፤ ከዚያ በብዙ ከፍ የሚያደርጉትም አሉ። ይህንን ሁሉ «የጅግራ ጦርነት» ይሉታል። ስሙ ያንገበግበኛል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ለአንድ ወፍ ሲል የተላለቀ ያስመስለዋልና።

ኮንኮምባ ገበሬ ነው። በደቡብ አገራችን ቦዬ የምንለውን ያም እያመረተ አክራ ድረስ ይልካል፤ እዚያ በስሙ የሚጠራ ገበያ እንኳ አለው። የሚያርሰው መሬት ግን የሌላ ነው። እንግሊዞች አገሩን በአለቃ በኩል መግዛት ቀለላቸውና፣ ንጉሥ ያላቸውን ዳጎምባን፣ ናኑምባን፣ ጎንጃንና ማምፕሩሲን ከላይ አስቀመጡ፤ ንጉሥ ያልነበራቸውን እንደ ኮንኮምባ ያሉትን ከሥር አደረጉ። በሰሜን ጋና አለቃ የሚነግሠው በእንስሳ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ነው፤ መሬትም የባለ ቆዳው ነው። ኮንኮምባው ከብት ሲያርድ የኋላ እግሩን ለናኑምባው አለቃ ይወስድ ነበር፤ እርሻውን ያርስለት ነበር፤ ትዳሩ ቢታወክ እንኳ የሚዳኘው እሱ ነበር። በ1979 የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በመንግሥት እጅ የነበረውን የሰሜን መሬት ለነዚሁ ባለ ቆዳዎች መለሰ። በ1981 ናኑምባና ኮንኮምባ ተዋጉ። በ1993 ኮንኮምባዎች የራሳችን ታላቅ አለቃ ይሰየምልን ብለው አቤት አሉ፤ «ያ ና» የሚባለው የዳጎምባው ንጉሥ አሻፈረኝ አለ። ጅግራዋ ገበያ የወጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሸምጋዮች ከናይሮቢ መጡ፤ የእኛው ሕዝቅያስ አሰፋም ከሸምጋዮቹ አንዱ ነበር። ከሸምጋዮቹ ወገን ሲተረክ የኖረ አንድ ነገር አለ። በድርድሩ ላይ አንድ ታላቅ የዳጎምባ አለቃ ኮንኮምባዎቹን ቁልቁል አይቶ፣ አለቃ ከሌላቸው ከትናንት ልጆች ጋር ምን ልነጋገር ብሎ አዋረዳቸው። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ ሳይቆጣ፣ «አባቴ» ብሎ ጠራው። እውነትህን ነው፣ አለቃ የለንም አለው፤ የምንጣላው ሰው መግደል አምሮን ሳይሆን አለቃ አጥተን ስለኖርን ነው፣ እባክህን ስማን አለው። አለቃው ዝም አለ። ቆይቶም ላሳፍራችሁ መጥቼ ነበር፣ ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

በመጋቢት 1996 ኩማሲ ከተማ ላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። መሬቱ ግን ዛሬም በ1992ቱ ሕገ መንግሥት የባለ ቆዳው ነው።