በሕዝብ መሬት ላይ የሚቆም መታሰቢያ፦ የቅርስ ሕግና የጋምቤላ ወደብ

የኢትዮጵያ የቅርስ ሕግ የቆመን ሐውልት ከመፍረስ ለመጠበቅ የሚያስችሉ ድንጋጌዎች ቢኖሩትም፣ በሕዝብ መሬት ላይ የማን መታሰቢያ ሊቆም እንደሚገባና ውሳኔው የማን እንደሆነ ግን እምብዛም አይናገርም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 «የማይንቀሳቀስ ቅርስ» የሚለው በመሠረት ከመሬት ጋር የተያያዘውንና ካልፈረሰ በቀር ከቦታው ሊነሳ የማይችለውን ሲሆን፣ ሕንጻ፣ የመታሰቢያ ስፍራና ሐውልት በዚሁ ሥር ይጠቃለላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የቅርስ ጥበቃ መመዘኛ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት፣ በአንቀጽ 52 መሠረት መሬት የሚያስተዳድረው ደግሞ ክልሉ ነው። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ የሚመድብ ቢሆንም፣ ምደባ የሚጀምረው ነገሩ ቅርስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

የጋምቤላ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ከመታወቁ ነው። በግንቦት 1894 ዓጼ ምኒልክና እንግሊዝ በፈረሙት ስምምነት፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ወንዝ ዳር ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የዳርቻ ርዝመትና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ስፋት ያለው መሬት ለንግድ ጣቢያነት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ሲሆን፣ መሬቱም ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል ተከልክሎ ነበር። ቦታው የተመረጠው ጋምቤላ ላይ ነው። ባሮ ለመርከብ የሚመቸው በክረምት ወራት ብቻ በመሆኑ የምዕራቡ አገር ቡና ወደ ሱዳን የሚጫነው በእነዚሁ ወራት ነበር። ክልከላው ግን ጦርን አላስቀረም፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ከተማዋን በመጋቢት 1933 ያዘ።

እንግዲህ በዚህ ዳርቻ መታሰቢያ ቢቆም ለማን ይሆናል? ለነጋዴው ነው፣ ለወታደሩ፣ ወይስ ወንዙን ኦፔኖ ለሚለውና መሬቱ ሲከራይ ፈራሚ ላልነበረው ለአኙዋ? በ1904 በአዶንጋ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተዋጋው የአኙዋ መሪ አኩዌይ ዋ ቻም ከወደቡ መሥራቾች ባላነሰ መታወስ ይገባዋል። የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ትውስታም በአንድ አደባባይ የሚጠቃለል አይደለም። ስምምነት የሌለው ሐውልት ምን ሊገጥመው እንደሚችል በሐረር የራስ መኮንን ሐውልት በ2012 ሲፈርስ ታይቷል። በአንጻሩ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ለአዲስ አበባ ባቡር ግንባታ ተነሥቶ ኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል፤ አከራካሪ የነበረው አነሳሱ እንጂ የሰማዕቱ መታሰቢያነት አልነበረም።

ለጋምቤላ ከሐውልት ይልቅ የሚስማማው፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ቅርሶች የተሰባሰቡበትን ቦታ «የተከለለ ስፍራ» ብሎ እንዲሰይም የተሰጠው ሥልጣን ይመስላል፤ የወደቡ ታሪክ በአንድ ሕንጻ ላይ ሳይሆን በዳርቻው በሙሉ የተዘረጋ ነውና። ይሁን እንጂ በተከለለ ስፍራ ያለ ፈቃድ መገንባትም ሆነ መንገድ ማውጣት ስለማይቻል፣ ከተማዋም በዚያው ዳርቻ ላይ ስላደገች፣ ወሰኑን የሚያሰምር ሰው ከቀድሞው የኪራይ ድንበር ጋር የዛሬውን ነዋሪ ይዞታ አብሮ መለካት ይኖርበታል።