የተሰበረችው ቁልፍ

በኔትስኬፕ ኩባንያ የመጀመሪያዎቹ ብራውዘሮች መስኮት ግርጌ፣ በስተግራ በኩል፣ አንዲት አነስተኛ የቁልፍ ሥዕል ትታይ ነበር። የተከፈተው ገጽ በምስጢር ጽሑፍ ተለውጦ የመጣ እንደ ሆነ ቁልፏ ሙሉ ናት፤ በመንገድ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ግልጽ ጽሑፍ የመጣ እንደ ሆነ ግን ለሁለት ተሰብራ ትታያለች። ከገጾቹ አብዛኞቹ የተሰበረችው ቁልፍ ያለችባቸው ነበሩና ዐይን ስለ ለመዳት ልብ የሚላት አልነበረም።

ሥርዐቱ የተሰናዳው የሰውን ገመና ለመጠበቅ ሳይሆን ለንግድ ነበር። የገዢው የክሬዲት ካርድ ቁጥር እንዳይሰረቅ የታሰበው ኤስ ኤስ ኤል በ1995 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከብራውዘሩ ጋር ወጣ። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራውን የምስጢር ጽሑፍ ከጦር መሣሪያ ጋር ይቈጥረው ስለ ነበር፣ ለውጭ አገር የሚላከው ብራውዘር ቁልፍ ከ40 ቢት እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የአገር ውስጡ 128 ቢት ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዳሚየን ዶሊዤ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ 120 ያህል ኮምፒዩተሮችን አስተባብሮ የ40 ቢቱን ቁልፍ በ8 ቀን ፈታው። በተከታዩ ወር ደግሞ ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የተባሉ የበርክሌይ ተማሪዎች፣ ብራውዘሩ ቁልፉን የሚሠራው ከሰዓትና ሊገመቱ ከሚችሉ ሌሎች ቁጥሮች መሆኑን ደረሱበት። ስለዚህ ረጅሙም ቁልፍ ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። የወጪ ንግዱ ክልከላ የላላው በ2000 ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ችግር የሒሳብ ሳይሆን የልማድ ነበር። የድረ ገጽ ባለቤቶች የይለፍ ቃል የሚጻፍበትን ገጽ ብቻ እየመሰጠሩ የቀረውን በግልጽ ይልኩ ነበር። ጂሜይል በ2008 ሁሉን የሚመሰጥር ምርጫ በማስተካከያው ውስጥ አኖረ፤ ምርጫውን ፈልጎ ያላገኘው ሰው ግን እስከ ጃንዋሪ 2010 ድረስ ጥበቃ አላገኘም። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኤሪክ በትለር ፋየርሺፕ የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ ሲለቅ፣ በቡና ቤት ዋይፋይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው የጎረቤቱን የፌስቡክ ገጽ እንደ ራሱ ሊከፍት እንደሚችል ታየ። ፌስቡክም በጃንዋሪ 2011 በምርጫ፣ በ2013 ለሁሉም ግንኙነቱን መሰጠረ። እነዚያን ሁለት ዓመታት ተጋልጦ የከረመው ማስተካከያ የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቀው ተጠቃሚ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጥበቃ የሚያሻውም እርሱ ነበር።

በ2013 የስኖውደን ሰነዶች ወጡ፤ በዲሴምበር 2015 ሌትስ ኢንክሪፕት የምስክር ወረቀቱን በነጻ ለሁሉም መስጠት ጀመረ። በጁላይ 2018 ክሮም ያልተመሰጠረውን ገጽ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ይል ጀመር። ይህ አዲስ ሐሳብ ተብሎ ተወደሰ እንጂ፣ የተሰበረችው ቁልፍ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድማ የተናገረችው ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደብዳቤው ታሸገ እንጂ በፖስታው ላይ ያለው አድራሻ እንደ ተገለጠ ነበር። የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲ ኤን ኤስ የተባለው ማውጫ ጥያቄውን በግልጽ ጽሑፍ ይቀበል ስለ ነበር፣ ማን ወዴት እንደ ሄደ መመዝገብ ለኢንተርኔት አቅራቢው አይሳነውም። ጥያቄውን የሚመሰጥረው ደንብ በኦክቶበር 2018 ወጣ። ሞዚላ በፋየርፎክስ ሊያስገባው ሲሰናዳ፣ የብሪታንያ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ማኅበር በ2019 ድርጅቱን ለዓመቱ «የኢንተርኔት ጠላት» ዕጩ አደረገው፤ ነቀፌታ ሲበዛበት ሰረዘው። ማኅበሩ ጎጂ ገጾችን የሚያግደው ማጣሪያ ይታለፋል ሲል ፈጽሞ አልተሳሳተም። የብዙ ሰው ጥያቄ በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ መከማቸቱም ቀላል ነገር አይደለም። ሞዚላ ግን በፌብሩዋሪ 2020 በአሜሪካ ላሉት ተጠቃሚዎች ምንም ሳይነኩ እንዲሠራ ማድረግ ጀመረ።

ብራውዘሩ ግንኙነት ሲጀምር የሚጠራው የሰርቨር ስም ግን ከዚህም በኋላ በግልጽ ይሄድ ነበር። እርሱን የሚሰውረው ዘዴ ወደ ክሮምና ወደ ፋየርፎክስ የገባው በ2023 ማብቂያ ግድም ነው። ይሠራ ዘንድ ሰርቨሩ በበኩሉ ቁልፉን አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የሰርቨሩ የቁጥር አድራሻ፣ ማለት አይ ፒው፣ ዛሬም ከፖስታው ላይ ይነበባል።