የደነባ መንገድ ዜና

በሸዋ ምድር፣ ከደብረ ብርሃን በስተ ምዕራብ፣ ሲያደብርና ዋዩ በሚባለው ወረዳ ደነባ የምትባል ከተማ አለች። ነገሯ የመንገድ ነገር ነውና ከነገሥታቱ መንገድ እንጀምራለን።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1446 ዓ.ም. በሰማይ ብርሃን ታይቶ ደብረ ብርሃንን ቆረቆሩ። ከብዙ ዘመንም በኋላ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር እየተነሡ አንጎለላ ይቀመጡ፣ ከዚያም ይዘምቱ ነበር። በ1836 ዓ.ም. ነሐሴ 12 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዚያው በአንጎለላ ተወለዱ። ያን ጊዜ መንገድ ማለት የበቅሎ ኮቴና የሠራዊት እግር የጠረገው ነው፤ ንጉሡ ከተማ ሲለውጡ መንገዱም ይለወጣል፣ ገበያውም ይከተላል።

በ1928 ዓ.ም.፣ ይህም ዘመነ ዮሐንስ ነበረ፣ ጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር በመኪና መንገድ ወደ ደሴ ሄዱ። በሚያዝያ ግን በዚያው መንገድ ጠላት መጣ። በጣርማ በር ተራራ ላይ የኢትዮጵያ ሰዎች መንገዱን አፍርሰውት ነበርና የጥልያን ካሚዮን ሁሉ ከገደሉ አፋፍ ተገትሮ ወታደሩ ድንጋይ ሲደረድር ቆየ። ሆኖም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ኋላም የጣርማ በርን ተራራ በስቶ ዋሻ አወጣ። ጥልያን አውራ ጎዳናውን ሲይዝ፣ ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው መኪና የማይደርስበትን ገደልና ሜዳ ያዙ። መንገድ ማጣትም በዚያ ዘመን ለአገሩ ሰው ከለላ ሆነ።

ጠላት ከወጣ በኋላ መንገዱ ፈርሶ ቆይቶ፣ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለጎዳና 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር መጣ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። አውራ ጎዳናው በሸኖ፣ በጫጫ፣ በደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ደነባ ግን ከዚያ ወደ ምዕራብ ገባ ያለች ናት።

አሁን ዋናውን ነገር እንጽፋለን። የደነባ አፈር ጥቁር ነው፤ ገበሬው መረሬ ይለዋል። ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ምስሩን የሚሰጠው እርሱ ነው፤ መንገዱን የሚነሳውም እርሱ። በበጋ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። አህያ አንድ እርምጃ በተራመደች ቁጥር ጭቃው ከኮቴዋ ላይ እየተደረበ ይከብዳታል፤ ጫኚውም በዱላው ጫፍ እየፋቀ ይነዳታል። በሐምሌ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወጣ ተሸካሚዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በአንገታቸው ያንጠለጥላሉ። የሚመሰክር ሰው ችሎት ያመልጠዋል፣ ተማሪው ከትምህርት ይቀራል፣ እህሉ ዋጋ ሳለው ጎተራ ውስጥ ይከርማል። መንግሥትን መንግሥት፣ ከተማንም ከተማ የሚያሰኘው ይህን ሁሉ ሰው ከሚሄድበት የሚያደርስ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2003 ዓ.ም. ቀበሌን ሁሉ ከመንገድ ለማገናኘት ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ የተባለው ሥራ በአገሩ ሁሉ ተጀመረ። በመረሬ ላይ ጠጠር ማፍሰስ ብቻ ግን አይበቃም፤ አንድ ክረምት ሳይሞላ ጠጠሩ ይሰምጣል። ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በሌላ አፈር መሙላት፣ መሐሉን ከፍ ማድረግ፣ በግራና በቀኝ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል።

ይህን ጥበብ የአካባቢው ገበሬ ከመሐንዲስ አልተማረውም። በጎረቤት በሞረትና ጅሩ ቤተሰቡ ሁሉ እርሻው ላይ ወጥቶ በእጁ አፈሩን እየዛቀ መደብ ያነሣል፣ በመካከሉም ውኃ መውረጃ ይተዋል፤ ስንዴው ከውኃው በላይ ይበቅላል። መንገድም እንዲሁ ነው። በሰኔ መባቻ ቦዩ በደለልና በሣር ተደፍኖ ከተገኘ ጎርፉ መሐል መንገዱን ይዞ ይወርዳል፤ በሐምሌም ቃሬዛው ከተሰቀለበት ይወርዳል።