ከህዋ ላይ የበረዶን የውኃ መጠን መለካት፦ የማይክሮዌቭ ዳሳሾች አሠራርና ገደብ

በቀዝቃዛና ተራራማ አገሮች በብርድ ወራት የሚከማቸው በረዶ አየሩ ሲሞቅ ቀልጦ ለመጠጥ፣ ለመስኖና ለኃይል ማመንጫ ይውላል። የውኃ አስተዳደር ተቋማት የግድብ አጠቃቀምንና የጎርፍ ማስጠንቀቂያን ለማቀድ በተራሮች ላይ ያለውን የውኃ ክምችት አስቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ምን ይለካል?

ወሳኙ ጉዳይ የበረዶው ጥልቀት ብቻ ሳይሆን ቢቀልጥ የሚሰጠው ውኃ ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው በረዶ ጥግግቱ የውኃን 30 በመቶ ያህል ከሆነ 300 ሚሊ ሜትር ውኃ ይሰጣል፤ ጥግግቱ 10 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ከ100 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

እንዴት ይለካል?

ምድር በተፈጥሮዋ ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር ታወጣለች። ጨረሩ በደረቅ በረዶ ውስጥ ሲያልፍ የበረዶው ቅንጣቶች ስለሚበትኑት ወደ ሳተላይቱ የሚደርሰው መጠን ይቀንሳል። ብተናው በ37 ጊጋኸርዝ ከ19 ጊጋኸርዝ ይልቅ የበረታ በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የውኃውን መጠን ለማስላት ያገለግላል። ልኬቱ የፀሐይ ብርሃን አያስፈልገውም፤ ደመናም እምብዛም አያግደውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጠቀው ኒምበስ 7 እና በ2012 የመጠቀው የጃፓኑ ጂኮም-ደብሊው ሳተላይት እንዲህ ያሉ ዳሳሾችን የያዙ ናቸው።

የልኬቱ ገደቦች

• የውኃ ይዘቱ ከ150 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ዳሳሹ ተጨማሪውን በረዶ ለይቶ ማሳየት ይሳነዋል።
• በረዶው መቅለጥ ሲጀምር በውስጡ ያለው ፈሳሽ ውኃ ራሱ ጨረር ስለሚያወጣ ልኬቱ ይዛባል።
• የደን ዛፎች የሚያወጡት ጨረር የበረዶውን ምልክት ይሸፍናል።
• አንድ ልኬት በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ስፋት ስለሚሸፍን የሸለቆና የተራራ ልዩነት አይታይም።

በመሆኑም ግምቱ እጅግ በሚያስፈልግበት የመቅለጫ ወቅት አስተማማኝነቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ሴንቲኔል 1 የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት እርጥብ በረዶ ያለበትን ቦታ በተሻለ ዝርዝር ይለያል፤ የውኃውን መጠን በትክክል ለማወቅ ግን በመሬት ላይ የሚደረግ ልኬት አሁንም አስፈላጊ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው አግባብ

ኢትዮጵያ በየዓመቱ የሚከማች ሰፊ የበረዶ ሽፋን የላትም። ሆኖም ማይክሮዌቭ ዳሳሾች የአፈር እርጥበትንና ዝናብን ለመገመትም ስለሚያገለግሉ፣ የድርቅና የሰብል ሁኔታን ለመከታተል ጠቃሚ ናቸው። በዚህም አገልግሎት የሳተላይት መረጃ ከሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ልኬት ጋር ተገናዝቦ ሊታይ እንጂ ብቻውን ሊወሰድ አይገባም።