የሕዋስ «መስመር» ወይስ የሕዋስ ሐረግ?

ስለ ሕክምና ምርምር በአማርኛ በሚቀርቡ ትርጉሞች ውስጥ «የሕዋስ መስመር» የሚል ስያሜ እየተለመደ መጥቷል፤ አንዳንዱ ተርጓሚ ደግሞ በዚህ ሳያበቃ የእነዚህን ሕዋሳት ምርመራ «የገጸ ባሕርይ አሳሳል» እስከ ማለት ይደርሳል። ገጸ ባሕርይ በልብ ወለድና በተውኔት ውስጥ የሚኖር፣ ደራሲ የሚስለው ሰው እንጂ በቤተ ሙከራ የሚመረመር ነገር አይደለም። መስመርም ቢሆን ለአማርኛ አንባቢ የሚያስታውሰው የስልክን፣ የመብራትን ወይም የአውቶቡስን መስመር፣ ካልሆነም ተማሪ በማስመሪያ የሚያሰምረውን እንጂ ትውልድንና ውርስን አይደለም።

የስያሜው ባለቤት የሆነው ነገር ከሰው ወይም ከእንስሳ አካል ተወስዶ፣ በቤተ ሙከራ ምግብና ሙቀት እየተሰጠው፣ ከአንድ መነሻ በመከፋፈል ትውልድ እያስከተለ የሚሄድ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት ጤናማ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ መባዛቱን ያቆማል፤ በ1951 በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ከሄንሪዬታ ላክስ የማሕፀን በር ዕጢ የተወሰደውና ሂላ የተባለው ግን እስከ ዛሬ ይባዛል።

ይህን ተከታታይነት ለመሰየም «የሕዋስ ዘር» የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው ከመስመር ይልቅ ወደ ዒላማው የቀረበ ቢሆንም «የዘር ሕዋስ» አስቀድሞ ለወንዴና ለሴቴ ሕዋስ የተሰጠ ስም ስለሆነ፣ ሁለት ቃላት ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር ትርጉሙ የሚፋለስበት መንገድ ለተማሪ ወጥመድ ነው። የተሻለው ቃል ሐረግ ነው። ሐረግ በመጀመሪያ በዛፍ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ተክል ሲሆን፣ የብራና መጻሕፍትን ግንባር የሚያስጌጠው ጥልፍልፍ ሥዕልም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ከዚያም አልፎ የቤተሰብ መነሻ ሲቆጠር «የዘር ሐረግ ይመዘዛል» ይባላል። ሰዋስው ሐረግን ለራሱ ወስዶታል የሚለው ተቃውሞ ብዙ አያስኬድም፤ ሕዋስ የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ የስሜት መሣሪያዎችን ያመለክት የነበረና «አምስቱ ሕዋሳት» በሚለው አነጋገር አሁንም በዚያው ፍቺው የሚሠራ፣ በአብዮቱ ዘመን ደግሞ የምስጢር ፓርቲ አባላትን ትንሽ ቡድን የሰየመ ሆኖ ሳለ፣ የሥነ ሕይወት መምህር በሦስቱ መካከል ተደናግሮ አያውቅም።

ሁለተኛው ጥያቄ የምርመራው ስም ነው። «ጠባይ» የሰውን አመልና አካሄድ ስለሚያስታውስ ለዚህ አይሆንም፤ «ባሕርይ» ግን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጀምሮ አንድ ነገር በራሱ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ቃል በመሆኑ ለጉዳዩ ይመጥናል። ከእርሱ ጋር የሚጣመረው ግስ «መግለጽ» ቢሆን ላልቶ ይቀራል፤ የሚፈለገው አንዱን ከሌላው መነጠል ስለሆነ ከ«ለየ» የወጣው ልየታ ይበልጣል፣ ልዩ፣ ልዩነትና መለያ የሚሉትን ዘመዶቹንም አስከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የባሕርይ ልየታ ማለት የሕዋሱን ምንጭ፣ የክሮሞዞሙን ቁጥርና ቅርጽ፣ የዘረመል መለያውን፣ ማይኮፕላዝማ በተባለች ረቂቅ ባክቴሪያ አለመበከሉን እያረጋገጡ መመዝገብ ነው።

ልየታ ባይኖር ምን እንደሚደርስ ስታንሊ ጋርትለር በ1966 በቤድፎርድ፣ ፔንሲልቬንያ ለተሰበሰቡ ተመራማሪዎች አሳይቷል፤ ከተለያዩ ሰዎች የተወሰዱ ናቸው ተብለው ይሠራባቸው የነበሩ 18 ሐረጎች ሁሉ፣ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የሚገኝ አንድ ዓይነት ኢንዛይም ይዘው ተገኙ። ሐረጉ ሲመዘዝ መድረሻው የአፍሪካ ዝርያ ከነበራት ከላክስ የተወሰደችው ሂላ ሆነ፤ በቀላሉ የምትባዛው ሕዋስ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ እየተሻገረች ሌሎቹን ውጣ ስማቸውን ወርሳለች። ዛሬ ይህን ለመከላከል የዘረመል መለያ ከተመዘገበው ጋር ይነጻጸራል፤ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የተመሳሰለ ከአንድ ምንጭ እንደተገኘ ይቆጠራል።

ቬሮ የተባለው ሐረግ ደግሞ በ1962 በጃፓን፣ በቺባ ዩኒቨርሲቲ ከጦጣ ኩላሊት የተገኘ ሲሆን፣ ስሙ በኤስፔራንቶ «አረንጓዴ ኩላሊት» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተቆርጦ የተገጠመ ነው፤ በዚያው ቋንቋ «እውነት» የሚል ፍቺም ስላለው፣ ስም አውጪዎቹ ለቃል የነበራቸው ጥንቃቄ ለአማርኛ ተርጓሚዎች ቢተርፍ ባልከፋ። የጦጣዋ ዝርያ ለብዙ ዓመታት «ኤቲዮፕስ» በሚለው፣ የኢትዮጵያዋ ጦጣ በምትጠራበት ሳይንሳዊ ስም ሲመዘገብ ቆይቶ፣ በ2014 የታተመ የሙሉ ዘረመል ንባብ ግን የምዕራብ አፍሪካዋ «ሳቤዎስ» መሆኗን አሳየ (ይህም ስም በተራው ሳባዊ ማለት ነው)። ያው ንባብ ቫይረስን ለመመከት የሚያገለግሉ የኢንተርፌሮን ዘረመሎች ከ12ኛው ክሮሞዞም ተቆርጠው መጥፋታቸውን ስለገለጠ፣ ለክትባት ሥራ ቫይረስ በቬሮ ላይ ለምን እንደሚመቸው አንዱ ምክንያት ይበልጥ ግልጽ ሆነ።

ሂላና ቬሮ የተጸውኦ ስሞች ስለሆኑ በድምፃቸው ይጻፉ እንጂ አይተርጎሙ፤ የወል ስሙ ግን አማርኛ ያለው ነውና የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች «የሕዋስ መስመር» በመዝገበ ቃላት ገብቶ ሳይጸና በፊት «የሕዋስ ሐረግ» እና «የባሕርይ ልየታ» ብለው ይጻፉ።