ልጆቹ ከተኙ በኋላ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ልጆቹን አስተኝታችሁ ብታነቡት ይሻላል። የምጽፈውም ስለዚያችው ሰዓት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ተማሪዎቼን «ቤተሰባችሁ መቼና ለምን ወደ ጅቡቲ እንደመጣ በአንድ ገጽ ጻፉ» ብዬ አዘዝኳቸው። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ከመጽሐፉ ወጣ ብለን ከየቤታችን እንጀምር ብዬ ነው። አብዛኞቹ ሦስት መስመር ጫር ጫር አድርገው መለሱልኝ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እማዬና አባዬ ይህን የሚያወሩት እኛ ከተኛን በኋላ ስለሆነ አላውቅም። ግን ሁልጊዜ አልተኛም።»

ለብቻዋ ጠርቼ አነጋገርኳት። በግድ ወደ አገር ቤት ሊመልሷቸው እንደሆነ እርግጠኛ ናት። አባቷ ማታ ለእናቷ «ዛሬም መለሱን፤ ነገም ይመልሱናል» ሲል ሰምታለች። ሁለት ደብተርና አንድ ቀሚስ በፌስታል ቋጥራ ከፍራሹ ስር ካስቀመጠች ሦስት ወር ሆኗታል። አባቷን ፈልጌ አገኘሁት። ሰውዬው ለወረቀት ጉዳይ አንድ ቢሮ ይመላለሳል፤ አንድ ቀን ፎቶ ጎደለ፣ ሌላ ቀን ማህተም ጎደለ እያሉ ከመስኮቱ ይመልሱታል። «መለሱን» ያለው ይህንኑ ነው። ስለ ፌስታሉ ስነግረው አፉን በእጁ ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ ይህቺ ሰዓት ከሐሳቤ አልወጣችም። እኛ የጀመርናት አይደለችም፤ የራሷ ታሪክ አላት።

አያቴ የኖረችው ወሎ ገጠር ነው። በእሷ ቤት እሳት ዳር ተረትና እንቆቅልሽ የልጆች ነበር። ልጆቹ ሲያሸልቡ ባዘቶዋን ታወጣና እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። ቀኑ ለውሃ፣ ለእንጨትና ለወፍጮ ያልቃልና ፈትሉ የማታ ሥራ ነው። በቤታችን የነበረው ጋቢ ሁሉ በኩራዝ ብርሃን የተፈተለ ነው። እንዝርቱ ሲሽከረከር ደግሞ በልጅ ፊት የማይነሳው ነገር ይነሳል፤ የማን መሬት ተነጠቀ፣ የማን ልጅ ታሰረ፣ በድርቁ ዘመን ከቤቱ ማን ማን ቀረ። እናቴ ስለ ስልሳ ስድስቱ ረሃብ የምታውቀው አብዛኛው ተኝታለች ተብላ የሰማችው ነው።

እናቴ ራሷ ደሴ ገብታ ትዳር ከያዘች በኋላ ደግሞ ማታዋ ሌላ ሆነ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ታላቅ ወንድሜ ሕፃን ነበር። ደርግን የምትወድም የምትጠላም ሁኑ፣ ዘመቻው ትልቅ ሥራ ነበር፤ ትምህርቱ እያደር በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። በእርግጥ የቀበሌ ግዴታም ነበረበት፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። እናቴ ግን ስለ ግዴታው አንድም ቀን አውርታን አታውቅም። የምታወራው ወንድሜን አስተኝታ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ሀሁ ትደግም እንደነበር ነው። የምስክር ወረቀቷ ከጋብቻ ፎቶዋ ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

አባቴ በዚያው ሰዓት የሚይዘው ራዲዮኑን ነው። የዘመኑን ልጆች ግራ የሚያጋባቸው ይህ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ብስራተ ወንጌል የተባለው የአዲስ አበባ ራዲዮ ጣቢያ ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። ከዚያ በኋላ አገር ውስጥ ከመንግሥት ድምፅ ሌላ የሚሰማ የለም። የቀረው የውጭ አጭር ሞገድ ነው። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነበር፤ በ1975 ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ተጨመረ። ቀይ ሽብር ባለፈበት ቤት እነዚህን ጣቢያዎች ጮክ አድርጎ የሚከፍት አልነበረም። ራዲዮኑ ጋቢ ውስጥ ይገባል፣ ጆሮ ይለጠፍበታል። ከሁሉ በፊት ግን ልጆች መተኛት አለባቸው። ልጅ ጠላት ሆኖ አይደለም፤ ነገ ትምህርት ቤት ሄዶ «አባዬ እንዲህ ሰማ» ቢል ቤቱ ይፈርሳል።

ደርግ ወደቀ፤ ልማዱ ግን አልወደቀም። እኔ ደርግን አላስታውስም። የ1997ቱን ምርጫ ግን አስታውሳለሁ። ከምርጫው በኋላ ግድያውና እስሩ ሲበዛ፣ አባቴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የአሜሪካ ድምፅን ፍለጋ መስኮቱ ጋ ይቆማል። ያኔ ጎረምሳ ነኝ፤ እሱ ግን አሁንም «ተኛ» ይለኛል። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እሰማለሁ። በኋላ ጣቢያው በኃይለኛ ጩኸት መዋጥ ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው፣ እንዲታፈን ትዕዛዝ ለመስጠት ዝግጁ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። አባቴ ሲሰማ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ባትሪው ያለቀ መስሎኝ ስንቱን ባትሪ ገዛሁ» አለ።

ወደዚህ ወደ ጅቡቲ ልምጣ። አገሪቱ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ወር የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ፤ የባቡሩ መስመርም ተቆረጠ። ከጦርነቱም ከሽብሩም የሸሸው ሕዝባችን ዲኪልና አሊ ሳቢህ ሰፈረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1983 ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ተስማምተው የመመለስ ፕሮግራም ተጀመረ። በወረቀት ላይ በፈቃደኝነት ነው የተባለው፤ ስደተኛው ግን ፈቃዱን እንደተጠየቀ አልተሰማውም፤ በወቅቱም ብዙ ወቀሳ ተነስቶበታል።

እዚሁ ከተማ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ያን ጊዜ ዲኪል የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። «አባትና እናቴ ከተኛን በኋላ ይንሾካሾካሉ። አንድ ሌሊት እናቴ ቀስቅሳ ጫማ አደረገችልኝ። የት እንደምንሄድ ሳላውቅ እስኪነጋ ተጓዝን» አሉኝ። ወደ ከተማው ሸሽተው መደበቃቸው ነበር። ጋሼ ጎልማሳ ሆነው እስኪጠይቁ ድረስ ማንም አልነገራቸውም። ያቺን የ14 ዓመት ልጅ ሳነጋግር እኚህ ሰው ትዝ አሉኝ። የልጅቷ ፍርሃት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ እዚህ አገር፣ በእኛው ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው። እሷ ዓመቱን ብቻ ነው የሳተችው።

አሁን የእኛ ማታ ምን ይመስላል? ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙቀቱ ይበላዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው ለጫት ይቆማል። ባልባላም ሆነ ካርቲየዎቹ ውስጥ አየር የሚገኘው ሲመሽ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹም አምሽተው ነው የሚተኙት። ሰው ቤት ስትሠራ የዋለች እናት ያን ጊዜ የራሷን ልጆች ልብስ ታጥባለች። አባት ስልኩን ይዞ በር ላይ ይቀመጣል። (አምፖሉ የበራው አገር ቤት በመነጨ ኃይል ሊሆን ይችላል፤ ከ2003 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ መብራት ትገዛለች። እኛ ባንመለስም መብራቱ መጥቶልናል።) በ2015 ክረምት ማለቂያ በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲፋፋምና የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ስንቶቻችን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ያንኑ ቁጥር ስንደውል አነጋን? ባለቤቴ «ቀስ በል፣ ልጆቹ» ትለኛለች። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ልክ እንደ አባቴ።

አባቴን አልወቅስም፤ ዝም ያለው ልጁን ሊያድን ነው። እኛ ግን በልጆቻችን አንደበት የሚይዘን ካድሬ እዚህ የለም። የምንፈራው ሌላ ነገር ነው፤ እንባችንን እንዳያዩ፣ ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ «ለምን ወጣን?» ብለው እንዳይጠይቁ። የእኛን ታሪክ ደግሞ እዚህ የሚማሩበት መጽሐፍ አይነግራቸውም፤ ሊነግራቸውም አይገባውም፣ የጅቡቲ መጽሐፍ ነው። የሚያገኙት ግድግዳው ያሳለፈላቸውን ግማሽ ቃል ብቻ ነው፤ ቀሪውን በፍርሃት ይሞሉታል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ስለ ቤት ሥራው ላሳውቃችሁ። ማክሰኞ ልጆቻችሁ ሦስት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የወጣችሁበት ቀን፣ የተጓዛችሁበት መንገድ፣ እዚያ የቀረ ሰው ስም። ሁሉንም ንገሯቸው አልልም፤ ለልጅ የማይነገር ነገር እንዳለ እኔም አውቃለሁ። «ይሄን ስታድግ እነግርሃለሁ» ካላችሁም መልስ ነው፤ እንደዚያው ብለው ይጻፉት። «መምህሩን ጠይቅ» ብላችሁ ግን ወደኔ አትላኩብኝ። መልሱን ከእራት በፊት፣ ሳይተኙ ስጧቸው።

የልጅቷ አባት ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ፌስታሉን አብረው ፈትተውታል። ደብተሮቹ ውስጥ አንድ ወረቀት አግኝቷል፤ የአያቷ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል፣ መጨረሻው ላይ አንድ አሃዝ ጎድሎታል። ከሌላኛው ክፍል ሆና የቻለችውን ያህል ነው የሰማችው።