ወርቅ የተቀባ ጡብ

በአገራችን ወርቅ የክብር ስም ነው። ለሰው ወርቅነህ፣ ወርቅነሽ እንላለን። ለቦታም እንዲሁ፤ በምሥራቅ ጎጃም፣ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ የምትገኘው ደብረ ወርቅ ስሟ «የወርቅ ተራራ» ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ግን ወርቅ የማጭበርበር ስም የሆነበት አንድ ቃል አለ፦ ጎልድብሪክ። ቃል በቃል ሲፈታ «የወርቅ ጡብ» ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ጥፍጥፍ ወርቅ። ቃሉ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና መጨረሻ፣ አሜሪካውያን ወርቅ ፍለጋ ወደ ምዕራብ በሚጎርፉበት ዘመን ነው። አጭበርባሪዎች ናስ ወይም እርሳስ አቅልጠው ጡብ ያደርጉና ላዩን ወርቅ ይቀቡታል። ብልጦቹ ደግሞ አንዱን ጥግ ሰርስረው እውነተኛ ወርቅ ይወትፉበታል። ገዢው «ይመርመርልኝ» ሲል ሻጩ ደስ እያለው ከዚያች ጥግ ፍቆ ይሰጠዋል። መርማሪውም አይዋሽም፤ የተሰጠው ፍቅፋቂ ወርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ «የወርቅ ጡብ ሸጠለት» ማለት «አታለለው» ማለት ሆነ።

ቃሉ በዚህ አልቆመም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ አሜሪካ ጦር ሠፈር ገብቶ ሥራ የሚሸሽ፣ ላዩን ወታደር ውስጡን ባዶ የሆነ ሰው መጠሪያ ሆነ። የእኛው «ወሰለተ»ም ሁለቱን ይይዛል፤ ገንዘብ የሚያጭበረብረውም ከሥራ የሚለግመውም ወስላታ ይባላል።

ይህ የሩቅ አገር ወግ የመሰለው ሰው 2000 ዓ.ም.ን ያስታውስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ጥፍጥፍ ወርቅ «ይህ ወርቅ አይደለም፣ ወርቅ የተቀባ ብረት ነው» ተብሎ ተመለሰ። ባንኩ በሚሊዮኖች ዶላር ከገዛው መካከል ሐሰተኛ ተገኘበት። ካዝናው ሁሉ እንዲፈተሽ ታዘዘ። ወደ ጅቡቲ ሊሻገር ሲል ተይዞ የተቀመጠ ሌላ «ወርቅ»ም እንዲሁ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ከታሰሩት መካከል የባንኩ ኃላፊዎችና የወርቁን እውነተኛነት ማረጋገጥ ሥራቸው የነበረ የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ኬሚስቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ወርቅ ከውኃ 19 ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ ብረት 8 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ባንኮች የሚለዋወጡት መደበኛ ጥፍጥፍ 12 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። በዚያው ልክ የተሠራ ብረት ግን 5 ኪሎ ገደማ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሚዛንና ማስመሪያ ይበቃል። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት ተሸወዱ?» ብቻ አይደለም። ከሚዛኑ አጠገብ ማን ቆሞ ነበር? የምስክር ወረቀቱ ላይ ማን ፈረመ? የአሜሪካው አጭበርባሪ የጡቡን አንድ ጥግ ብቻ ነበር እውነተኛ ማድረግ የነበረበት። ማኅተም የሚገዛ አጭበርባሪ ግን ያችም ጥግ አታስፈልገውም።

አማርኛ ይህን ያውቃል። «አጭበረበረ» የሚለው ቃል ከማታለል ሌላ የዓይን ቃልም ነው። ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ አርፋ ስታንጸባርቅ ዓይን ታጭበረብራለች፤ ያኔ ሰው ዓይኑ ተገልጦ ሳለ አያይም። የጎጃም የቅኔ ሊቃውንት ደግሞ «ሰምና ወርቅ»ን ከአንጥረኛ ወስደዋል። አንጥረኛው ጌጡን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና ወርቁን ያፈስሳል። በቅኔ ሰሙ ላይ ነው፣ ወርቁ ውስጥ። በማጭበርበር ወርቁ ላይ ነው፣ ብረቱ ውስጥ። ሁለቱንም የሚለየው የውስጡን የሚፈልግ ሰው ነው።

ዛሬ የወርቅ ጡብ የሚሸጠው ለባንክ ብቻ አይደለም። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ፣ በወር ገንዘብህን እጥፍ አደርጋለሁ የሚል የስልክ መተግበሪያ ሁሉም ያው ጡብ ናቸው። ቅቤ የምትገዛ እናት ቅሉን ከፍታ ታሸታለች፣ ከሥሩ ቆንጥራ ታያለች፣ ሻጩ ቢቆጣም አታፍርም። መንግሥትም፣ ባንክም፣ ቁጠባውን በስልክ የሚልክ ወጣትም ከእርሷ የሚማሩት አንድ ነገር አለ፦ ናሙናውን ሻጩ ከመረጠው ጥግ አለመውሰድ።